ቆርቆሮ የወሰደው ጆሮ

የጋሽ ያብስራ ቀኝ ጆሮ ገርጂ ቀረ፣ ግራው አዳማ። የሚጠይቀው ሰው ካለ መልሱ ይኸው ነው። ሐኪሞች «የመስማት አቅም መዳከም» ብለው ጽፈው ያልፋሉ፤ እሱ ግን ጆሮዎቹን የት እንደጣላቸው ያውቃል።

ገርጂ፣ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ነው። «ቆርቆሮ» የሚባለው የሮክ ባንድ ገና ስሙ ሲወጣ፣ በነሐሴ፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየቀጠቀጠው ተጫወተ። ሚስማር የሚሉት የባንዱ ከበሮ መቺ ከዝናቡ ጋር እልህ ተጋባ። ድምፅ የሚቆጣጠረው ልጅ ደግሞ ከሚስማር ጋር እልህ ተጋባ። ያብስራ፣ ያኔ ጋሽ የሚለው የለም፣ ከድምፅ ማጉያው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞ ይጮህ ነበር። በማግስቱ ሲነቃ በቀኝ በኩል ያለው ዓለም ጥጥ ተጠቅጥቆበታል። ሐኪሟ «ወይ ሙዚቃውን ወይ ጆሮህን ምረጥ» አለችው። በዓመቱ አዳማ ላይ ግራውን ወደ ማጉያው አዙሮ ቆመ። ላለማዳላት ነው ይላል።

ይህ ከሆነ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሲሆን ያብስራም የሽማግሌ ስም ሆኗል። ያብስራ፣ ናሆም፣ ሶልያና የሚባል ሰው ካጋጠማችሁ ጉልበቱን ይዞ የሚነሳ ነው። ወጣቶቹ እነ ጥሩወርቅ፣ እነ አስካለ፣ እነ ደምሴ ናቸው።

አሁን ጆሮ ሲባልም ሥጋው አይደለም። ጆሮ የሚሰጠው ወረዳው ነው። የባቄላ ፍሬ ታክላለች። ጤነኛውም የደነቆረውም ያጠልቃታል፤ የአውቶቡሱ በር፣ የባንኩ መስኮት፣ የሕንፃው አሳንሰር የሚናገሩት በእሷ በኩል ብቻ ነውና። ከውጭ የሚመጣውንም ድምፅ እየተቀበለች፣ ለባለቤቷ እንዲስማማ አለዝባ ታስገባለች። ስድብ ሲመጣ ቁጣው ውጭ ይቀርና ሐሳቡ ይገባል። ሐሳቡም የማይስማማ ከሆነ የሚስማማ ሐሳብ ይገባል። የሚገባው ሁሉ በተናጋሪው በራሱ ድምፅ ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ከንፈርና ቃል አልገጥም እያለ ሰው ግራ ተጋብቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሰው የሰው ከንፈር ማየት ተወና ነገሩ ተስተካከለ።

የጋሽ ያብስራ ጆሮ ግን አሮጌ ናት። ያኔ ሲደነቁር ሐኪም ቤት የሰጠው ዓይነት ናት፤ ሲሰበር እየጠገነ፣ ሲጠፋ ከሞተ ሰው ዕቃ ላይ እየገዛ ኖሯል። የመጣውን ድምፅ አጉልታ ከማስገባት በቀር ሌላ ሥራ አታውቅም። ደደብ ናት። የሚወዳትም ለዚሁ ነው።

በዚህ ዘመን ዘፈን አይከለከልም። መከልከል ያለፈበት ነገር ነው፤ የተከለከለ ዘፈን ሰው ተደብቆ ይሰማዋል። ዘፈን ተሃድሶ ይገባል። ገብቶ ሲወጣ ዜማው ያው፣ ዘፋኟ ያቺው፣ ጊታሩ ያው ሆኖ ጠባዩ ብቻ ይሻሻላል። የቆርቆሮ ዘፈኖች በሙሉ ገብተው ወጥተዋል። «ቀይ ቀለም» የሚለው ዛሬ የሰርግ ዘፈን ነው። ሰፈር ሲነሣ በሚደረገው ዝግጅት ላይም ይከፈታል፤ ሰው ያጨበጭብለታል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ ሊፈርስ የተወሰነበት ቤት በሩ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ይደረግበት ነበር። የያብስራ እናት በር ላይም ተደርጓል። ሰውየው ቀለሙን ሲቀባ እናቱ «እባክህ ወለሉ ላይ እንዳታንጠባጥብ» ብላዋለች፤ ወለሉም አብሮ እንደሚሄድ ያላወቀች ይመስል። እናም ፌቨን፣ የቆርቆሮ ዘፋኝ፣ መድረኩ ጫፍ ላይ ወጥታ «በሬ ላይ ማነው የጻፈው?» ብላ ትጮህና ባንዱ ድርግም ይላል። ጊታር የለም፣ ከበሮ የለም። ባዶ ቦታ ነው። ባዶውን የሚሞላው ሕዝቡ ነው፦

«ስሙን እናውቃለን! እናውቃለን!»

ባዶው ቦታ የተለካው ለዚህች ብቻ ነበር። ሕዝቡ ግን አንድ ቀን ሳይታዘዝ ሦስተኛ «እናውቃለን» ጨመረ። ዘፈኑ ሊፋለስ ሲል ሚስማር ዱላዎቹን ወደ ላይ ሰቅሎ ጠበቀ። ሦስተኛዋ አለቀች፤ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ ያኔ አንዴ ብቻ መታ። ከዚያ ወዲህ የዘፈኑ ሕግ ይኸው ሆነ። ፌቨን መልሱን አንድም ቀን ከአፏ አውጥታው አታውቅም። ተጠርታ ስትጠየቅ «እኔ ጥያቄ ነው የጠየቅሁት» አለች ይባላል።

ጋሽ ያብስራ ደፋር ሰው አይደለም። ሠላሳ ዓመት በኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የተጋጩ መኪናዎች ሲገምት ኖሮ ጡረታ ወጣ። ሰልፍ ወጥቶ አያውቅም፤ አለቃው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ እናቱ ቤት ሲፈርስ ዕቃ ነው የተሸከመው። በሕይወቱ ሙሉ ደፋር የሆነው በዚያች ባዶ ቦታ ውስጥ፣ ሦስተኛዋን «እናውቃለን» ሲል ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሁለት ጆሮ የከፈለው። ተወደደብኝ ብሎ አያውቅም።

ተሃድሶው ባዶውን ቦታ አልወደደውም። ባዶ ቦታ ላይ ሰው ያስባል። ስለዚህ የልጆች ድምፅ ገባበት። ፌቨን «በሬ ላይ ማነው የጻፈው?» ትላለች፤ ልጆቹ «ልጆቻችን ናቸው፣ በጠመኔ ናቸው» ብለው ይቀበላሉ። ሚስማርም መጠበቁን ትቶ በሰዓቱ ይገባል። ያማረ ነው። ሙሽሮች ይወዱታል።

ዋናው ዘፈን በጋሽ ያብስራ አሮጌ ስልክ ላይ አለ። ጠዋት ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ስልኩን ጆሮው ሥር ይዞ ይከፍተዋል፤ ባዶው ቦታ ሲደርስ ለመስታወቱ ሦስት ጊዜ ይመልሳል፤ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ሚስማር ይመታል። አንድ ጊዜ በዚያች ምት ጉንጩን ቆርጧል። አዲሷ ጆሮ ብትገባ ግን ስልኩ አይረባም። ድምፅ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ጆሮዋ ላይ ሲደርስ ይታደሳል።

ማስታወቂያው የመጣው በታኅሣሥ ነው፦ ከጥር ሠላሳ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ አሮጌ ጆሮዎች አይሠሩም።

«አባዬ፣ ዛሬም ደወሉ» አለችው ልጁ ጥሩወርቅ ቁርስ ላይ፣ ዳቦውን ወደሱ እየገፋች። «በጣም ጨዋ ናቸው። ‹አባትሽ ያለ ጆሮ እንዳይቀሩ ሰግተናል› ነው ያሉኝ።»

«መስጋታቸው ነው የሚያሰጋኝ።»

«ቀልዱን ተወው። ያለሷ አሳንሰሩ አይሰማህ፣ አውቶቡሱ አይጠራህ። ቤት ውስጥ ተቆልፈህ ልትቀር ነው?»

«ደረጃ አለ።»

«አሥራ አራት ፎቅ ነው አባዬ!» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንተ እንደምታስበው መጥፎ ነገር አይደለም። እኔና ደምሴ ሳንጣላ ስድስት ዓመታችን ነው።»

«ወይም ሲሰድብሽ አልሰማሽውም።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ጋሽ ያብስራ ዳቦውን አኘከ። ይኸኔ አማቹ ደምሴ ከመኝታ ቤት ብቅ ብሎ ጫማውን እያሰረ፣ ፈገግ እንዳለ፣ «ይህ ደንቆሮ ሽማግሌ እስከ መቼ ነው እዚህ የሚጎለተው?» አለ።

ጥሩወርቅ ወደ አባቷ ዞራ ዐይኗ እንባ አቀረረ። «አየህ? አየህ እንዴት እንደሚያስብልህ?»

አሮጌዋ ጆሮ ሁሉንም እንዳለ አስገብታለታለች። እውነቱን ለመናገር አዲሷ ከዚህም ትገላግለው ነበር። ይህን ማሰቡ ራሱ አስፈራው። «እግዜር ይስጥልኝ ደምሴ» አለና ሻዩን ጠጣ።

ቅዳሜ ከማራማዊት ጋር ተገናኙ። ማራማዊት ጡረታ የወጣች የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ ገርጂ ላይ ከዚያው ማጉያ በስተሌላው ጎን የቆመችው እሷ ነበረች። የሱ ቀኝና የሷ ግራ በአንድ ቀን ሄዱ፤ የሷ ቀኝም ውሎ አድሮ ተከተለ። ባሏም ሚስቱም እየሳቁ «የጆሮ ዘመዶች» ይሏቸው ነበር፤ ሁለቱም ዛሬ የሉም። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ካፌ ተቀምጠው፣ እሷ ስፕሪስ፣ እሱ ማኪያቶ ይዘው፣ የሚስማር ምርጥ ቀን የትኛው እንደነበር ይከራከራሉ። ክርክሩ እስካሁን አላለቀም። በኅዳር ደግሞ አዲሷን ጆሮ ላያጠልቁ ተማምለዋል።

ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ከፀጉሯ ሥር የባቄላ ፍሬ የምታክል ነገር አየ።

«አጠለቅሽው?»

«የልጄ ሰርግ ከጥር ሠላሳ ወዲያ ነው እኮ ያብስሬ። ሙሽራዋ ስታወራኝ እንደ ጉቶ ልቀመጥ?»

«ተማምለን አልነበረም?»

«በጣም ተመችቶኛል» አለች።

ጋሽ ያብስራ ስኒውን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ፣ ፊቷን እያየ፣ «ከሃዲ» አላት።

«አመሰግናለሁ» አለች ፀጉሯን እየነካች። «ዛሬ ጠዋት ነው የተሠራሁት።»

ከኋላቸው ሁለት ጎረምሶች ጠብ በማይመስል ፈገግታ ተፋጠው እርስ በርሳቸው እናት እየጠሩ ይሰዳደቡ ነበር። አሳላፊዋ በመሃል አልፋ ሒሳብ ሰጠቻቸው። ካፌው ውስጥ ያን የሚሰማ ጋሽ ያብስራ ብቻ ነው።

«ትናንት ‹ቀይ ቀለም›ን ሰማሁት» አለች ማራማዊት። «ሙሉውን። ፌቨን እንዲህ አድርጋ ዘፍና አታውቅም። ልጆቹ ሲቀበሏት አለቀስኩ።»

«የትኞቹ ልጆች?»

«በጠመኔ የሚሉት ናቸዋ! ምን ሆነሃል? ገርጂ ፊት ለፊታችን ቆመው አልነበር?»

«ማራማዊት፣ ልጆች አልነበሩም። እኔና አንቺ ነበርን።»

«እኔም ናፍቀኸኛል» አለችና እጁን መታ መታ አደረገችው።

ሴትዮዋ አልከዳችውም፤ ከመክዳት የባሰ ነው። አጠገቡ ተቀምጣ ስፕሪሷን በማንኪያ እያወጣች፣ በሃምሳ ዓመት ትዝታዋ ላይ ሌላ ሰው ልጆች አስቀምጦበታል። ቃል ቢወረውርላት ጆሮዋ ላይ አበባ ሆኖ ይደርሳል። ጩኸት ቢጨምር አበባው ይበዛል። ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ፣ ሁልጊዜ ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረገ፤ በጣቶቹ ጠረጴዛውን መታ። *ስሙን*፣ ሁለት። *እናውቃለን*፣ አራት። *እናውቃለን*፣ አራት። እዚያ ላይ ሊያቆም ነበር።

የማራማዊት ጣቶች ሦስተኛዋን መቱ።

እሷ አላዘዘቻቸውም። ስፕሪሱን እያየች ነበር። ግራ እጇ ብቻውን ጠረጴዛው ላይ አራት መታና ተነሣ፤ በአየር ላይ ቆመ፤ ጠበቀ። የሱም እጅ ተነሥቷል። ማራማዊት የተሰቀለ እጇን የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ አየችው። ትንፋሿ ተይዟል። ሁለቱም መዳፎች አንድ ላይ ወርደው ጠረጴዛውን ሲመቱት ስኒው ዘለለ፣ አሳላፊዋ ዞራ ፈገግ አለችላቸው።

«ልጆች ይህን ያህል አይጠብቁም» አለች ማራማዊት፣ በጣም ዝግ ብላ። «ልጆቹ ሲጨርሱ ሚስማር ወዲያው ነው የሚገባው። ይህን የጠበቅነው… ማንን ነው የጠበቅነው?»

ከዚያ ጋሽ ያብስራ ሰው ሲያደርገው ካየ ብዙ ዘመን የሆነውን ነገር አደረገች። ከንፈሩን አየች።

«እስቲ ቅድም ያልከኝን ድገመው።»

ደገመው።

«ከሃዲ ነው ያልከኝ» አለች ከንፈሩ ላይ እያነበበች። «እኔ የሰማሁት ‹ቆንጆ› ነው።»

«እሱንም ብዬሻለሁ። በሃምሳ ዓመት አንድ ሁለቴ።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። «ላወልቀው አልችልም ያብስሬ። አሮጌዋን ወስደውብኛል፤ ካወለቅሁት ደንቆሮ ነኝ። ካጠለቅሁት ደግሞ…» አልጨረሰችውም። «ጥር ሠላሳ አንተም መግባትህ አይቀርም፤ አብሬህ እመጣለሁ። ብቻህን አትገባም።»

ጥር ሠላሳ ፀሐዩ ከረር ያለ፣ ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ነበር። ጆሮ የሚሰጠው ቢሮ ገና ተሠርቶ ያላለቀ ሕንፃ ሥር ነው፤ ዙሪያውን በረጅም አረንጓዴ የቆርቆሮ አጥር ታጥሯል። ቆርቆሮ ከከተማው ጣሪያ ላይ ከጠፋ ቆይቷል። አሁን የሚገኘው ለጊዜው በሚታጠር አጥር ላይ ብቻ ነው፤ እሱም በየቦታው «ለጊዜው» እንደታጠረ ይኖራል። ሰልፉ አጥሩን ተደግፎ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ሄዷል።

ጋሽ ያብስራ ሰልፉን በዐይኑ ቃኘው። ሁሉም በአንድ የዕድሜ ክልል ነው፤ ወረዳው እርጅና ነው ብሎ መዝግቦታል። እሱ ግን ከፊቱ የቆመውን ራስ አወቀው። አዳማ ላይ ፊቱ ቆሞ መድረኩን የከለለው ራስ ነው። ፀጉሩ የለም እንጂ ራሱ ያው ነው። ከዚያ ወዲያ ያለችው ሴትዮ ሹራብ ሥር የደበዘዘ ጥቁር ቲሸርት አለ፤ የሚታየው «ቆር» ብቻ ነው። ወደ ኋላ ዞረ። ወደ ፊት አየ። በአሮጌ ጆሮ የሚኖር፣ በአንድ ዘመን የደነቆረ፣ ይህን ያህል ሰው ከየት ይመጣል? ማጉያው ሥር ከቆመው በቀር?

«እነሱ ናቸው» አላት ለማራማዊት።

ከንፈሩን አንብባ ሰልፉን አየች። «እንዴት አርጅተዋል» አለች፣ እሷ ያላረጀች ይመስል።

ተራው የደረሰው ከስድስት ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ውስጥ አስካለ የምትባል ትሑት ወጣት፣ በነጭ ጓንት፣ አሮጌዋን ጆሮ አውጥታ ሳህን ላይ አስቀመጠች። ዓለሙ ጥጥ ሆነ። ከዚያ አዲሷ ገባች፤ ድምፅ ሁሉ ተመልሶ መጣ፤ ከቀድሞው የጠራ፣ የለሰለሰ፣ ለብ ያለ።

«አባባ፣ እስቲ የፈለጉትን ይናገሩ፤ ልኳን እንይ።»

ጋሽ ያብስራ አላሰበበትም። «ስሙን እናውቃለን» አለ።

በጆሮው የሰማው «ልጆቻችን ናቸው» ሲል ነው።

ድምፁ የራሱ ነው። ትንሽ ወጣ ያለ፣ ትንሽ ደስ ያለው፣ የራሱ ድምፅ። እንደገና፣ ምላሱን እያዳመጠ፣ ከንፈሩን በጣቱ ይዞ፣ «ስሙን እናውቃለን፣ እናውቃለን» አለ። «ልጆቻችን ናቸው፣ በጠመኔ ናቸው» አለ ድምፁ። ጣቱ የያዘው ከንፈር ሌላ፣ የሰማው ሌላ።

«ውይ፣ ሲያምር!» አለች አስካለ። «በሰርጌ ተዘፍኗል።»

«ልጄ፣ አሁን ምን ስል ነው የሰማሽኝ?»

«ምንም አይደል አባባ፣ ሥራዬ ነው» አለችው።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚናገረው ምን እንደሆነ ማረጋገጫ የለውም። ነገ ጠዋት መስታወት ፊት ሦስት ጊዜ ይመልሳል፤ የሚሰማው ጠመኔ ነው። ከነገ ወዲያም። ሰው የሰማውን ነው የሚያስታውሰው። በዓመቱ ምላሱ ራሱ ጠመኔ ማለት ቢጀምር፣ መጀመሩን የሚነግረው ሰው የለም። ማራማዊት በስንት ቀን ነበር ልጆቹን ገርጂ ላይ ያቆመቻቸው? በሳምንት።

ከንፈሩን በጣቱ እንደያዘ ወጣ። ልክ በሩ ላይ ሲደርስ ስድስት ሰዓት ሆነ። የወጣበት ሰልፍ ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ሰዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ቀና አደረጉ፣ ጆሯቸውን ነካኩ፣ እርስ በርስ ተያዩ። አሮጌዎቹ ጆሮዎች ሞተዋል። አንዳንዱ አፉን ከፍቶ ዘጋ። የሚይዙት ሲያጡ ወደ አጥሩ ተጠጉና በመዳፋቸው ተደገፉት።

ማራማዊት በቆመችበት እየጠበቀችው ነበር። ምን እንደሰማ አልጠየቀችውም፤ ፊቱ ላይ አየችው። እጁን ይዛ ቆርቆሮው ላይ ለጠፈችው። ብረቱ በፀሐይ ግሏል። ከዚያ በሌላ እጇ መታች። ሁለት። አራት። አራት።

በጆሮው የገባው የዝናብ ድምፅ ነው። ስስ፣ ደስ የሚል ዝናብ። ከሱ ጋር የጆሮዋ የራሷ ጨዋ ድምፅ መጣች፦ «በአካባቢዎ መጠነኛ ዝናብ እየጣለ ነው። ጃንጥላ ይያዙ።»

በመዳፉ የገባው ግን ሌላ ነው። አጥሩ እስከ መታጠፊያው ድረስ አንድ ወጥ ነው፤ ምቱ በቆርቆሮው ውስጥ ሲሄድ፣ በየተደገፈው መዳፍ ሥር ሲያልፍ ተሰማው። ሄደ፣ ራቀ፣ ጠፋ። ምንም አልመጣም። መላጣው ሰው እጁ ሥር ያለውን ብረት ትኩር ብሎ እያየ ነው። ማራማዊት ደገመች፣ በጡጫ። ሁለት። አራት። አራት።

ሦስተኛዋ ከማዶ መጣች። አንድ ምንም የማይሰማ ሰው፣ ከመታጠፊያው ወዲያ የማይታይ፣ አራት መትቶ መለሰ።

ከዚያ ወዲያ ማን እንደጀመረ የሚያውቅ የለም። ሰልፉ ሁሉ ወደ አጥሩ ዞረ። በመዳፍ፣ በጡጫ፣ በከዘራ። ቲሸርቷ ላይ «ቆር» የሚለው ሴትዮ ግንባሯን ብረቱ ላይ ለጥፋ ትመታለች። በጋሽ ያብስራ ጆሮ «መጠነኛ» የነበረው ዝናብ «ከባድ» ሆነ፣ ቀጥሎም ነጎድጓድ ተጨመረበት። መንገድ ላይ ሰዎች ሻንጣቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ሮጡ። አውቶቡሱ የመስታወት መጥረጊያውን አበራ። እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፈኑ። በዚያ በሚያቃጥል የጥር ፀሐይ ጃንጥላዎች ካንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ተዘረጉ፤ ከየጃንጥላው ሥር ሰዎች ሰማያዊውን ሰማይ በፍርሃት ያያሉ።

አስካለ ጃንጥላ ይዛ ከቢሮው ወጣች። «አባባ! ይግቡ እንጂ፣ ይበሰብሳሉ!»

ጋሽ ያብስራ አልዞረም። አፉን ከፍቶ የቻለውን ያህል እየጮኸ ነው። ምን ብሎ እንደሚጮህ አያውቅም። በጆሮው ጠመኔ ይሰማዋል፤ ምላሱን ማመን ትቷል። መዳፉን ብቻ ያምናል። ሁለት። አራት። አራት። ሦስተኛዋ ከአጥሩ ጫፍ ተነሥታ፣ በየእጁ ሥር አልፋ፣ እሱ ጋ ደረሰች፤ አብሮ መታት።

ከዚያ እጆች ሁሉ ከቆርቆሮው ላይ ተነሡ።

በጆሮው ዝናቡ ቀጥ አለ። «ዝናቡ አባርቷል» አለች ያቺ ጨዋ ድምፅ። ይህች ሚስማር ዱላዎቹን ሰቅሎ የሚጠብቅባት ትንፋሽ ናት። ሚስማር ከሞተ ቆይቷል። እስከ መታጠፊያው ድረስ እጆች በአየር ላይ ቆመዋል፤ ማንም አላወረደም።

አስካለ ከጃንጥላው ሥር አንድ እጇን አውጥታ ዘረጋች። መዳፏን አየችው። ደረቅ ነው። ገልብጣ አየችው። ከዚያ ደረቁን አስፋልት አየች፤ ከዚያ የተሰቀሉትን እጆች፤ ከዚያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሽማግሌውን ከንፈር።

የሷም እጅ ገና አልወረደም።